ዛር፣ ክሊኒክ፣ መጠይቅ፦ የአእምሮ ሕመም ስም አወጣጥ ታሪክ በካርቱም

አኅፅሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በካርቱም፣ በኡምዱርማንና በሰሜን ካርቱም የአእምሮ ሕመም በማን አንደበትና በምን ቃል ሲሰየም እንደ ኖረ ይመረምራል። ሦስት የመለያ ሥርዓቶችን ያነጻጽራል፦ የዛርን ሥርዓት፣ ከ1950 አካባቢ ጀምሮ የተቋቋመውን የነርቭ ሕመሞች ክሊኒክ፣ እንዲሁም ሱዳን በሙከራው የተሳተፈችበትን የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ። በሦስቱም ውስጥ ሕመምተኛው የራሱን ሕመም ለመሰየም የሚያደርገው ሙከራ ይገኛል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የራስን ሕመም በራስ የመሰየም ፈተና ጥንታዊ መሆኑና አደጋውም የዕለት ቃል ሳይታወቅ የምርመራ ቃል ሲሆን የሚጀምር መሆኑ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

በ1950 «ሱዳን ኖትስ ኤንድ ሬኮርድስ» የተባለው መጽሔት በ31ኛ ቅጹ የሶፊ ዜንኮቭስኪን ጥናት አተመ። ጥናቱ የኡምዱርማን ሴቶች ስለሚፈጽሙት የዛርና የጡምቡራ ሥርዓት ነበር። በዚያው ጊዜ ገደማ ከወንዙ ማዶ በሰሜን ካርቱም ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሒ የነርቭ ሕመሞች ክሊኒካቸውን ከፈቱ። ሁለቱ ክንውኖች በታሪክ መጻሕፍት ለየብቻ ይነገራሉ፤ የመጀመሪያው በሥነ ሰብእ፣ ሁለተኛው በሕክምና ታሪክ ምዕራፍ ውስጥ። ይሁንና እንቅልፍ ያጣች፣ ምግብ የዘጋት፣ ደረቷን የጨነቃት አንዲት ሴት ከሁለቱ በአንዱ ወይም በሁለቱም ደጅ ልትቆም ትችል ነበር። በሁለቱም ደጅ የምትጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ምን ያዘሽ?

ለቋንቋ አጥኚ ይህ ጥያቄ ሁለት ጉዳዮችን ያነሣል። አንደኛው ስሙን የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ስሙ ከየትኛው የቃላት ክምችት ይወሰዳል የሚለው ነው። ካርቱም ለሁለቱም የተመቸ ማስረጃ አላት።

2. የቃሉ መንገድ

በአማርኛም ሆነ በሱዳን ዓረብኛ «ዛር» የሚለው ቃል መንፈሱንም፣ ሕመሙንም፣ ሥርዓቱንም ይጠራል። ስለ አመጣጡ ሁለት ዋና ማብራሪያዎች ቀርበዋል። ኤንሪኮ ቸሩሊ ቃሉን ከኩሽ ቋንቋዎች የሰማይ አምላክ ስም ጋር አያይዞታል፤ የቢለን «ጃር» እና የካፋ «የሮ» በዚህ ረገድ ይጠቀሳሉ። ሁለተኛው ማብራሪያ ቃሉን ከዓረብኛው «ዛረ» (ጎበኘ) ያወጣል። ይህ ሁለተኛው ለተናጋሪው ግልጽ ትርጉም ስለሚሰጥ በሱዳን የተወደደ ነው፤ መንፈሱ ጎብኚ፣ ሕመምተኛዋ አስተናጋጅ ትሆናለች። የድምፅ መመሳሰል ባዕድ ቃልን የቤት ቃል የሚያደርግበት የታወቀ ሂደት እዚህም ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

የጽሑፍ ምስክሩ ከሸዋ ይጀምራል። ሚሲዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ ከ1839 ጀምሮ በያዙት፣ በ1843 ለንደን በታተመው የዕለት ማስታወሻቸው የዛሮችን ነገር መዝግበዋል፤ ከመሪዎቹም አንዱን «ማማ» ብለው ይጠሩታል። በሱዳን ከተመዘገቡት የሐበሻ ዛሮች መካከል ደግሞ «ወዚር ማማ»፣ ማለትም ሚኒስትር ማማ፣ ይገኛል። የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ መንገዱ ግን ይታወቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ የተጋዙ ባሪያዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይወሰዱ ነበር። ሪቻርድ ናትቪግ በ1987 ባሳተመው ጥናት ሥርዓቱን ያሰራጩት እነዚህ ሴቶች፣ ከእነርሱም መካከል ኦሮሞዎች፣ መሆናቸውን ተከራክሯል። እንግዲህ ካርቱም የደረሰው የመለያ ቃል የመጣው የራሳቸውን ስም እንኳ ለመጠበቅ ባልተፈቀደላቸው ሰዎች አፍ ነበር።

3. ስም በዛር ቤት

የሱዳን የዛር ሥርዓት ሕመምተኛዋን ባዶ እጇን አይቀበላትም። ብዙውን ጊዜ የምትመጣው ሌላውን ሞክራ፣ ሕልሟንና የሰውነቷን ምልክት ከጎረቤቶቿ ጋር ተነጋግራበት፣ «ሪሕ አሕመር» (ቀይ ነፋስ) ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ይዛ ነው። በዚህ ደረጃ የራስን ሕመም በራስ መሰየም ተጀምሯል። ሆኖም ጥርጣሬው ገና ስም አይባልም። ሸይኻዋ የዕጣን ቆርቆሮዋን ትከፍታለች፤ ይህ «ፈትሕ አል-ዒልባ» የሚባለው የመለያ ሥርዓት ነው። ከዚያም ከበሮ ሲመታ መንፈሶቹ «ኸይጥ» (ክር) በሚባሉ ምድቦች በየተራ ይጠራሉ፦ ደራዊሽ፣ ሐበሽ፣ ኸዋጃት፣ ባሻዋት፣ ዓረብ፣ ሌሎችም። ሴትዮዋ በአንደኛው ጥሪ ስትንቀሳቀስ ክሩ ይታወቃል፤ መንፈሱም በአፏ ስሙንና ፍላጎቱን ይናገራል።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። በመጀመሪያ፣ ስሙን የሚናገረው የሕመምተኛዋ አፍ ነው፤ ተናጋሪው ግን እርሷ እንዳልሆነች ሁሉም ይስማማሉ። የመጀመሪያው መደብ በሌላ ተይዟል። ሁለተኛ፣ ስሙ የሚጸናው ሌሎች ሰምተው ሲቀበሉት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የሕመሙ ስሞች የሕዝቦችና የማዕርጎች ስሞች ናቸው። በካርቱም አንዲት ሴት «ሐበሽ» የሚል ስም ሲወጣላት ቡና ይፈላላታል፣ ቀይ ልብስ ትለብሳለች፤ ምናልባትም ሉሊያ በተባለችው ሐበሻዊት መንፈስ አንደበት ትናገራለች። የጎረቤት ሕዝብ ስም ለአንዲት ሴት ስቃይ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው።

ጎንደር ተመሳሳይ ሥዕል ታሳያለች። በ1932 ሚሼል ሌሪስ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ በመልካም አየሁ ቤት የተከታተለው ሥርዓት፣ ዛሩ በፉከራው ማንነቱን እስኪገልጥ ድረስ የሚሄድ ነበር። ሕመምተኛዋ «የዛር ፈረስ» ትባላለች። በጎንደርም በካርቱምም ከመለየት በኋላ የሚከተለው ዘወትር ማባረር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ውል ነው። ይህ ውል ዋጋ አለው። ድግሱ ገንዘብ ይፈጃል፤ በሌላ መንገድ ሊታከም የሚችል ሕመምም በዛር ስም ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሥርዓቱን ማድነቅ ብቻ አይበቃም።

4. ስም በክሊኒኩ

ቲጃኒ አል-ማሒ በ1911 በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው አል-ካዋ ተወለዱ። በ1935 ከካርቱሙ ኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው፣ በእንግሊዝ የአእምሮ ሕክምናን ተምረው ተመለሱ። ክሊኒካቸው የተመላላሽ ሕክምናን መሠረት ያደረገ ነበር። በቅኝ አገዛዝ ዘመን ከተለመደው የማጎሪያ ቤት አሠራር ይለያል፤ ሕመምተኛው ከቤተ ሰቡና ከቋንቋው ሳይነጠል ይታያልና። ሐኪሙ የሃይማኖት ፈዋሾችንና የባህል ሐኪሞችን ሥራ በቅርብ ያጠኑ፣ ከእነርሱም ጋር መመካከርን ያልናቁ ሰው ነበሩ። ከ1959 እስከ 1964 በዓለም ጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲትራንያን ቢሮ የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆኑ፤ ከ1964ቱ የጥቅምት አብዮት በኋላም የአገሪቱ የበላይ ምክር ቤት አባል ነበሩ። በ1970 ሲያርፉ ሰፊ የመጻሕፍት ስብስባቸው ለካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተረፈ፤ በኡምዱርማን የሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታልም በስማቸው ይጠራል።

ለዚህ ጥናት ዋናው ነገር የክሊኒኩ ቋንቋ ነው። ምርመራው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ንግግሩ በሱዳን ዓረብኛ ይሄዳል። ሕመምተኛዋ «ዛር አለብኝ» ስትል ሐኪሙ ሦስት ምርጫ አለው፦ ቃሉን እንደ ድንቁርና መጣል፣ እንደ ምርመራ መቀበል፣ ወይም እንደ ንግግር መክፈቻ መውሰድ። ከፈዋሾች ጋር የመመካከሩ ልማድ ትርጉም የሚኖረው በሦስተኛው መንገድ ብቻ ነው። በጥር 1988 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካና የእስያ ጥናት ተቋም ስለ ዛር የተካሄደው ዓውደ ጥናትም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ሐኪሞችና የሥነ ሰብእ ምሁራን በአንድ ጉባኤ የመከሩበት የዚህ ስብሰባ ጽሑፎች በ1991 በመጽሐፍ ወጥተዋል።

ቃሉ በሌላ አቅጣጫም ተጉዟል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ባወጣው የምርመራ መመሪያ አባሪ ውስጥ «ዛር» ኢትዮጵያንና ሱዳንን ጠቅሶ ገባ፤ በየአካባቢው እንደ ሕመም ላይቆጠር እንደሚችልም ተገለጸ። በ2013ቱ እትም መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። ቃሉ ከመጽሐፉ ሲወጣ ሴቶቹ አልዳኑም፤ ሲገባም አልታመሙም።

5. ስም የማያወጣው መጠይቅ

በ1970ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምናን ወደ ተራ ጤና ጣቢያዎች ለማድረስ ባካሄደው ጥናት ሱዳን፣ ኮሎምቢያ፣ ሕንድና ፊሊፒንስ ተሳትፈዋል። በ1980 በታተመው ውጤት ከ1,624 ሕመምተኞች መካከል 225ቱ፣ ማለትም 13.9 በመቶ፣ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። አብዛኞቹ ወደ ጤና ጣቢያ የመጡት ራስ ምታት፣ ሆድ ቁርጠት፣ ሳል ወይም ድካም ብለው ነበር። የጤና ሠራተኞቹ በትክክል የለዩት ከሦስቱ አንዱን ያህል ነው።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው የራስ ምላሽ መጠይቅ ሕመምተኛው «አዎ» ወይም «የለም» እያለ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ስብስብ ነው። ብልሃቱ መጠይቁ የበሽታ ስም አለመያዙ ነው። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንባ ይጠይቃል፤ ድምሩ ተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ያመለክታል እንጂ ማንንም አይሰይምም። መሣሪያው ወደ አማርኛም ተተርጉሟል። በ1999 በታተመው የቡታጅራ ጥናት 10,468 ጎልማሶች ተጠይቀው 17 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት አሳይተዋል። የጥናቱ አዘጋጆች «የአእምሮ ጭንቀት» ማለታቸውን ልብ ይሏል፤ «የአእምሮ ሕመም» አላሉም። ይህ ጥንቃቄ ከጥናቱ ወደ ዜና፣ ከዜና ወደ ወሬ ሲሻገር በቀላሉ ይጠፋል።

6. ከ«ደበረኝ» ወደ «ድብርት አለብኝ»

የራስን ሕመም የመሰየም ፈተና በሰዋስው ውስጥም ይታያል። አማርኛ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደበረኝ የሚሉ ግላዊ ያልሆኑ ግሦች አሉት። ተሰቃዩ ተሳቢ ነው፤ ባለቤቱ አይጠቀስም። ሁኔታው መጥቶ የሚያልፍ ነው፤ የራበው በልቶ ይጠግባል። የሕክምና አማርኛ ከእነዚህ ግሦች «ጭንቀት» እና «ድብርት» የሚሉትን ስሞች ወስዶ የምርመራ ቃል አደረጋቸው። ስሙ ከተገኘ በኋላ «አለብኝ» ይከተለዋል፤ እንደ «ዕዳ አለብኝ»፣ እንደ «ዛር አለባት»። ሦስት ቀን ደብሮት የሰነበተ ወጣት «ድብርት አለብኝ» ሲል ዋሸ አይባልም። ቋንቋው ለዕለት ስሜቱና ለሐኪሙ ምርመራ አንድ ቃል ሰጥቶታል፤ ከማለፊያ ሁኔታ ወደ ጸና ባለ ዕዳነት የተሻገረው በአንድ የስም አመሠራረት ነው።

የሱዳን ዓረብኛ በከፊል የተለየ ነው። «ዘህጃን» የሚለው ቅጽል መሰልቸትንና መማረርን የሚገልጽ የመንገድ ቃል ነው፤ የክሊኒኩ «ኢክቲኣብ» ግን ከጽሑፍ ዓረብኛ የመጣ ስለሆነ በሁለቱ መካከል አጥር አለ። «ወስዋስ» ላይ ሲደረስ አጥሩ ይፈርሳል። ቃሉ በቁርኣን የክፉ ሹክሹክታ ነው፤ በዕለት ንግግር ጥርጣሬና ስጋት ነው፤ በክሊኒክ ደግሞ «ቀህሪ» (አስገዳጅ) ከሚለው ቅጽል ጋር የታወቀ ሕመም ስም ነው። ቅጽሉ ሲቀር ሦስቱ ትርጉሞች ይደባለቃሉ፤ ለጸሎት ደጋግሞ የሚታጠብ ሰውም ኃጢአተኛ፣ ተጠራጣሪ ወይም ሕመምተኛ መሆኑን ለራሱ ለመወሰን ብቻውን ይቀራል።

የዛር ቤቱና የዛሬው ተሰቃይ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በዛር ቤት የግል ጥርጣሬ በሸይኻዋ፣ በከበሮውና በጎረቤቶች ፊት ይፈተናል። በክሊኒኩም ሐኪም ይሰማዋል። ብቻውን የተወሰደ ስም ግን የሚፈትነው ሰሚ የለውም።

7. ማጠቃለያ

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ገቡ፤ በምዕራብ ጎንደርም የኩመርና የአውላላ መጠለያዎች ተቋቋሙ። የዛር ቃል በባሪያዎች አፍ ወደ ምዕራብ በወጣበት በር፣ የስቃይ ቃላት አሁን በስደተኞች አፍ ወደ ምሥራቅ ገብተዋል። በዚህ በር ትርጉም የሕክምና ሥራ ነው። በዓረብኛ «ዲቅ ነፈስ» የትንፋሽ ማጠር ነው፤ «ዲቅ ነፍስ» የነፍስ ጥበት፣ ጭንቀት ነው። ልዩነቱ አንድ አናባቢ ነው። «ነፍስ»ንና «ነፋስ»ን ከአንድ ሥር ለያይቶ ለሚጠቀመው አማርኛ ተናጋሪ ጉዳዩ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ ነገር ግን አስተርጓሚው ቢሳሳት አንዲቱ ሕመምተኛ የሳንባ መድኃኒት፣ ሌላይቱ የማታውቀው ስም ተሰጥቷት ትመለሳለች።

ከታሪኩ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ነው። ሕመምተኛው ስለ ራሱ የተናገረው ቃል ከመተርጎሙ በፊት በተናገረበት ቋንቋና በተናገረበት ሰዋስው ይመዝገብ፦ «ደበረኝ» ያለው «ድብርት አለብኝ» ተብሎ አይጻፍ፤ «ሪሕ» ያለችውም «ዛር» ተብላ አትታለፍ። የድንበሩ ጤና ጣቢያዎች የሚያስፈልጓቸው የዓረብኛና የአማርኛ የስቃይ ቃላት ዝርዝሮች ገና በአግባቡ አልተሰበሰቡም። ሥራው የሐኪም ብቻ ሳይሆን የቋንቋ አጥኚም ነው፤ ጊዜውም ተናጋሪዎቹ በቅርብ ያሉበት ይህ ጊዜ ነው።