የሚወርደው መስመርና ያልተጻፈው ሞት፦ አብሮ በሚወለድ የልብ ሕመም የሚደርስ ሞት በአገር ደረጃ እንዴት ይነበባል?

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም የሚሞላው የሞት ማስረጃ ምክንያቱን በደረጃ ይጠይቃል። ላይኛው መስመር ላይ በመጨረሻ ሰዓት የገደለው ይጻፋል፤ ታችኛው ላይ ነገሩን ሁሉ የጀመረው። የልቧ ግራ ክፍል ሳያድግ የተወለደች ሕፃን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ኋላ ደሟ ተመርዞ ብትሞት፣ ላይኛው መስመር የደም መመረዝ ይላል፤ ታችኛው የልብ አፈጣጠር ችግር። ሐኪሙ ቸኩሎ ታችኛውን ባዶ ከተወው ሕፃኗ ከልብ ሕሙማን ጋር አትቆጠርም።

ይህ የጽሕፈት ቤት ጣጣ ሊመስል ይችላል፤ በቁጥር ሲታይ ግን ትንሽ አይደለም። ከ1999 እስከ 2006 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በ41,494 የሞት ማስረጃዎች ላይ አብሮ የሚወለድ የልብ ሕመም ተጠቅሷል። ዋና የሞት ምክንያት ሆኖ የተመዘገበው ግን በ27,960ዎቹ ላይ ብቻ ነው። ከ13 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አንዱ ተመራማሪ ሲቆጥራቸው ሌላው ሊተዋቸው ይችላል ማለት ነው። ስለ አገራዊ የሞት አዝማሚያ የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ የትኛውን እንደቆጠረ አስቀድሞ ካልነገረን መስመሩ ወረደ ወጣ የሚለውን ለማመን ያስቸግራል።

ይህን ይዘን የአሜሪካን መስመር እንመልከት። ከ1979 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት በዚህ ሕመም የሚሞተው ሰው ከ100,000 ነዋሪ ከ2.5 ወደ 1.5 ወርዷል፤ በመቶኛ 39 ገደማ ነው። ከ1999 እስከ 2006 ደግሞ ተጨማሪ 24.1 በመቶ ቀንሷል። ሁለቱን ጊዜያት በአንድ ክር ለመቀጠል የሚሞክር ሰው ግን በመካከላቸው ስፌት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ አገሪቱ በ1999 የሞት ምክንያት መመዝገቢያዋን ከዘጠነኛው ወደ አሥረኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ አሻግራለች። ሌላም መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ጽንስ በማሕፀን ሳለ በአልትራሳውንድ መታየት ከጀመረ ወዲህ አንዳንዱ እርግዝና ሳይወለድ ይቋረጣል፤ ያልተወለደ ደግሞ በሕፃናት ሞት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ይህ ሁሉ ተቀንሶም ቢሆን ቅነሳው እውነተኛ ነው፤ ምንጩም ይታወቃል።

በ1938 ቦስተን ውስጥ ሮበርት ግሮስ ከውልደት በኋላ መዘጋት ሲገባው ሳይዘጋ የቀረ የደም ቧንቧ ቋጥሮ ዘጋ። በኅዳር 1944 በጆንስ ሆፕኪንስ አልፍሬድ ብላሎክ፣ የሕፃናት የልብ ሐኪም የነበረችው ሄለን ታውሲግ ያመነጨችውን ሐሳብ ይዞ፣ ቆዳዋ የጠቆረባትን የ15 ወር ሕፃን ቀዶ ጥገና አደረገላት። ዘዴውን በውሾች ላይ ደጋግሞ የሠራው ቪቪየን ቶማስ ነበር፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ሕክምና በትምህርት ቤት አልተማረም። በዚያ ቀን ከብላሎክ ጀርባ በርጩማ ላይ ቆሞ መርፌው በየት በኩል ይግባ የሚለውን እየተናገረ ይመራው ነበር። ሕፃኗ ከቀዶ ጥገናው ተርፋ ከወራት በኋላ አረፈች። በዘመኑ የሞት መዝገብ ብንሄድ ይህ ታላቅ ድል የሚታየው ከ1944 ወደ 1945 የተዛወረ አንድ ሞት ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጡት ግኝቶች፣ የ1953ቱ የልብና ሳንባ ተኪ ማሽን፣ በ1970ዎቹ ያልተዘጋውን ቧንቧ ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ፕሮስታግላንዲን፣ በ1980ዎቹ ግማሽ ልብ ላላቸው ሕፃናት የተጀመረው የኖርዉድ ቀዶ ሕክምና፣ ሁሉም የሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ሞትን ወደ ፊት ገፉት። ብዙዎቹ ቀዶ ሕክምናዎች ልቡን ያሻሽሉታል እንጂ እንደ ጤነኛ ሰው ልብ አያደርጉትም። በካናዳ ኩቤክ 71,686 ሕሙማን ከ1987 እስከ 2005 ተከታትለው ሲታዩ፣ የሟቾች ዕድሜ ቀድሞ በሁለት ቦታ ይከመር የነበረው፣ በጨቅላነትና በእርጅና፣ ወደ አንድ ክምር ተለውጧል፤ እርሱም በእርጅናው በኩል ነው። ሞቱ በጠቅላላው 31 በመቶ ቀንሷል። አሜሪካም ውስጥ በ2010 ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ከነበሩት 2.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች 1.4 ሚሊዮኑ አዋቂዎች ነበሩ። የሕፃናት ሐኪሞች በሽታ ይባል የነበረው ዛሬ በአብዛኛው የአዋቂዎች ነው።

ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ፤ በ1999–2006ቱ መዝገብ 48 በመቶ። ጥቁር አሜሪካውያንም ከነጮቹ በላይ ይሞታሉ፤ ከ1979 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ልዩነቱ በአማካይ 19 በመቶ ነበር፣ ከ1999 በኋላም አልጠፋም። ቶማስ በርጩማው ላይ ሆኖ ያስተማረው ቀዶ ጥገና ለወገኖቹ ልጆች እኩል አለመድረሱ ለእኔ ከጠቅላላው ቅነሳ የበለጠ የሚናገር ቁጥር ነው።

ከቅርብ ዓመታት ቅነሳ ውስጥ ደግሞ አንዱ ክፍል የመጣው ከቀዶ ጥገና ክፍል ሳይሆን ከእናቶች ማዋለጃ ነው። አንድ ነርስ ከተወለደ 24 ሰዓት የሞላውን ሕፃን ቀኝ እጅና አንድ እግር በየተራ በትንሿ የኦክስጅን መለኪያ፣ በፐልስ ኦክሲሜትር፣ ታያለች። ንባቡ ከ90 በታች ከሆነ ሕፃኑ ወደ ቤት አይሄድም፤ 95 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በእጅና በእግር መካከልም ያለው ልዩነት ከ3 ካልበለጠ ያልፋል፤ በመካከል ያለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደገማል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ፣ የማያም ምርመራ ነው። በ2011 የአሜሪካ መንግሥት ይህ ምርመራ ለሁሉም ሕፃናት እንዲደረግ መከረ፤ ክፍለ ግዛቶች ግን በየራሳቸው ጊዜ ነበር ሕግ ያደረጉት። ለተመራማሪዎች ይህ መዘግየት ሲሳይ ሆነላቸው፤ እስከ 2013 ያስገደዱትን ስምንቱን ካላስገደዱት ጋር አስተያዩ። ባስገደዱት ዘንድ በአስጊ የልብ አፈጣጠር ችግር የሚደርሰው የጨቅላ ሕፃናት ሞት 33.4 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ወደ ዓለም አቀፉ ስሌት ስንሻገር በ2017 በዚህ ሕመም 261,247 ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል፤ 180,624ቱ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ከ1990 ጋር ሲነጻጸር ቅነሳው 34.5 በመቶ ነው። ሟቾቹ በብዛት በድሃ አገሮች ያሉ ናቸው። ይህ ግምት እንጂ ቆጠራ እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል። በ2011 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት የየአህጉሩን ሪፖርት ሲሰበስብ በእስያ ከ1,000 ወሊድ 9.3፣ በአውሮፓ 8.2፣ በአፍሪካ 1.9 ሕፃናት ሕመሙ እንዳለባቸው አግኝቷል። የአፍሪካ ልጆች ልብ የተለየ ሆኖ አይደለም። ሕመሙ ሳይታወቅ ስለሚሞቱ ነው።

ኢትዮጵያ እዚህ ጋ ትገባለች። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ፤ ከ1,000 ስምንቱን ብንወስድ ከ24 ሺህ በላይ ልጆች ልባቸው ላይ ችግር ይዘው ይመጣሉ፤ ሩብ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ወይም ሌላ ጣልቃ ገብነት የሚሹ ናቸው። የት አሉ? በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከወላዶች በጤና ተቋም የወለዱት 26 በመቶ ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው በመንግሥት የተመዘገበላቸው 3 በመቶ ብቻ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ዓ.ም. ተደንግጎ በሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። ልደቱ ያልተጻፈ ሕፃን ሞቱ ይጻፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከወረቀቱ በስተጀርባ ባህልም አለ። አስጊው የልብ ችግር የሚገድለው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ከዚያ በፊት ለሞተ ሕፃን ፍትሐት የለም። በብዙ ቦታ ቀብሩ በጸጥታ ይፈጸማል፣ ድንኳን አይተከልም፣ ዕድሩም አይነቃም። ጎረቤት «ምን ሆና ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እናቲቱ «ብርድ መታት» ወይም «ጡት አልይዝ ብላ ነው» ትላለች። ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ የሚደክመው፣ ከንፈሩ የሚጠቁረው ሕፃን ለልብ ሐኪም ግልጽ ምልክት ነው፤ ለሰፈሩ ግን ብርድ ነው። በአዲስ አበባ ከ2001 ጀምሮ በመካነ መቃብሮች የሚደረገው የቀብር ምዝገባ፣ በቡታጅራ ከ1986 ወዲህ ቤት ለቤት የሚደረገው ክትትል፣ በሐረርና በቀርሳ ከሟች ሕፃናት በመርፌ ናሙና ወስዶ ምክንያቱን የሚያጣራው ጥናት፣ ይህንን ክፍተት ለመሙላት የሚደረጉ ጥረቶች ናቸው። ሦስቱም ግን በየአካባቢያቸው የተወሰኑ ናቸው።

ሕክምናው በአገር ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት የሕፃናት ልብ መርጃ ድርጅት ጥረት በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፍቷል፤ ከዚያ በፊት ዕድል የቀናቸው ልጆች ወደ ውጭ ይላኩ ነበር፣ ከ1995 ወዲህ ወደ እስራኤሏ ሆሎን የሄዱ አሉ። ወረፋው ዛሬም በሺዎች ነው። በወረፋው ላይ ያሉት ግን ቢያንስ ስም ያላቸው ናቸው፤ በሕይወት ቆይተው ለመመዝገብ የበቁ። በሁለተኛ ሳምንታቸው የሄዱት በወረፋውም በሞት መዝገቡም የሉም።

የኦክስጅን መለኪያዋን እኛም ገዝተን እንለካ ብንል ሥራው በመግዛት አያልቅም። የ95 መስፈርት የተቀመጠው በዝቅተኛ ቦታ ለተወለዱ ሕፃናት ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች አዲስ አበባ የጤነኛ ጨቅላ ንባብ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ መስፈርቱን እንዳለ መቅዳት ብዙ ጤነኞችን ወደ አልትራሳውንድ ወረፋ ይሰዳል። ከፍታ ደግሞ ያ ሮበርት ግሮስ የቋጠረው ቧንቧ ሳይዘጋ እንዲቀር ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ የራሳችንን መስፈርት የምናወጣው በራሳችን ደጋ ላይ ለክተን ነው።

በኢትዮጵያ በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ከ1,000 ሕፃናት 166 ይሞቱ ነበር፤ 49ኙ በመጀመሪያው ወር። በ2016 ጠቅላላው ወደ 67 ሲወርድ የመጀመሪያው ወር 29 ሆነ። ከሟቾቹ የጨቅላዎቹ ድርሻ ከ30 በመቶ ገደማ ወደ 43 ከፍ ብሏል ማለት ነው። ተቅማጥና ኩፍኝ ሲቀንሱ የተረፈው ይህ ነው፤ የልብ አፈጣጠር ችግርም ከመሐሉ አለ። ስለዚህ በኢትዮጵያ በዚህ ሕመም የተመዘገበ ሞት በሚቀጥሉት ዓመታት ከጨመረ ሊያስደነግጠን አይገባም፤ መቁጠር ጀመርን ማለት ነው። በማዋለጃ ክፍል የምትሠሩ፣ ጨቅላ ሲሞት «የመተንፈስ ችግር» ብላችሁ ከማቆማችሁ በፊት ከሥር ያለውን መስመር ሙሉት፤ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር ወይ፣ የልቡ ድምፅ ተደምጦ ነበር ወይ የሚለውንም ጻፉ።