የአውራ ጎዳናው ዳር፤ እግረኛው በወልድያና በመርሳ

መኪና የጁ ከመግባቱ አስቀድሞ የእግረኛ መንገድ ተብሎ የሚለይ ነገር አልነበረም፤ መንገድ ሁሉ የእግረኛ ነበርና። ሰውና አጋሰስ አብረው ይጓዙበት የነበረው ጥርጊያ የኮረብታውን ወገብ እየታከከ፣ ወንዙንም በመልካው እየተሻገረ ከገበያ ወደ ገበያ ይዘልቅ ነበር። እግረኛ ለብቻው ስፍራ ማስፈለጉ የመጣው መኪና መንገዱን ከወሰደበት ወዲህ ነው።

ከአስመራ ተነሥቶ በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በወልድያና በደሴ አልፎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና ለመኪና በሚበቃ ሁኔታ የሠራው ኢጣሊያ ነው፤ ጊዜውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የወረራ ዘመን ነበር። ዓላማው ጦርና ስንቅ ማመላለስ ስለ ነበረ፣ ስፋቱ የተለካው ካሚዮን ከካሚዮን ጋር በሚተላለፍበት መጠን ነው። ከጠርዙ ቀጥሎ ትከሻ፣ ከትከሻው ቀጥሎ የጎርፍ ቦይ፤ እግረኛው በልኩ ውስጥ አልገባም። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ተቀዳሚ ሥራው የተጎዱትን መንገዶች ጠግኖ ለተሽከርካሪ ክፍት ማድረግ ነበር፤ በዚያ ዘመን አቅም ከዚህ የበለጠ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

መንገዱ ወደ ከተማ መጣ ከማለት ይልቅ ከተማው ወደ መንገዱ መጣ ማለት ይቀላል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሱቁም፣ ሻይ ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም በሩን ወደ አስፋልቱ አዞረ። የቆላው ማንጎና ብርቱካን ለመንገደኛ የሚሸጠው እዚያው ትከሻ ላይ ነው፤ የጭነት መኪና የሚቆመው፣ ባጃጅ ሰው የሚጭነው፣ ተማሪ የሚያልፈውም በዚያው ላይ ነው። በደርግ ዘመን በቻይናውያን ርዳታ ከወረታ የመጣው መንገድ ወልድያን መገናኛ ሲያደርጋት ጭነቱ ይብስ በረታ። እግረኛው መሸሻ ያገኘው በቦዩ ክዳን ላይ ነው። ይሁን እንጂ ክዳኑ ለሰው መሄጃ ታስቦ የተቀመጠ አይደለም፤ የክረምት ጎርፍ ያወረደውን ደለል ለመጥረግ ተነሥቶ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ፣ ዘንቢል የተሸከመችው ሴት ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች።

ይህ ጠባብ ዳር ግን በክፉ ቀን ከማንም በላይ ሕዝብ አስተናግዷል። በ1965 ዓ.ም. ረኀብ የጸናባቸው የወሎ ገበሬዎች ቀያቸውን ለቀው የወጡት ወደ አውራ ጎዳናው ነበር፤ መኪና የሚያልፍበት ስፍራ እህልም የሚያልፍበት ነውና። ዳር ለዳር ተቀምጠው የአላፊውን እጅ ጠበቁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስም ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ወደ ደሴ አቀኑ፤ መኪና ያላገኘው በእግሩ ሄደ። ሁለቱም ጊዜ እግረኛው የረገጠው ማንም ሳይለካለት የተረፈውን መሬት ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣው የአገሪቱ የመንገድ ቅርጽ ንድፍ መመሪያ በከተማ ለሚያልፍ መንገድ 2.5 ሜትር የእግረኛ መሄጃ ይጠይቅ ነበር። አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን ዘርግታለች። በኮሪያም የሴኡል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 ለመኪና የሠራችውን ተንጠልጣይ መንገድ በ2017 ለእግረኛ አውላዋለች። ሴኡል ግን መኪናውን የምታሳልፍበት ሌላ መንገድ ነበራት፤ በመርሳ መሐል የሚያልፈው አውራ ጎዳና አንድ ነው። ቤቱም ከቦዩ አፍ ላይ ቆሟል። በመሆኑም 2.5 ሜትሩን ቤት ሳያፈርሱ ለማግኘት የሚቀርበው ቦታ ቦዩ ራሱ ነው፦ ግንቡን አጠንክሮ፣ ለጠረጋ በየርቀቱ የሚከፈት ብረት ያለበት ኮንክሪት ክዳን አልብሶ፣ የጠርዝ ድንጋይ አቁሞ። ጉልት ለምትቸረችረዋ ሴትም ስፍራዋ በዚያው ሥዕል ላይ አብሮ መሠመር አለበት፤ አለዚያ ክዳኑ በተገጠመ ማግስት ማንጎው እዚያው ላይ ይደረደራል፣ እግረኛውም እንደገና አስፋልት ላይ ነው።