የአባቴ ቃልና መጽሐፈ ፈላስፋ

ከተማሪነቴ ዘመን ጀምሮ፣ ከማነባቸው መጻሕፍት ልቤን የነኩትን ቃላት የምገለብጥበት ደብተር አለኝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰፈረው ግን ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ አባቴ ስለ ዝምታ ዘወትር ይናገሩት የነበረ ቃል ነው። ከሥሩም «የአባቴ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ አባቴም ካረፉ በኋላ፣ መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባንን በክላውድ ሰምነር የእንግሊዝኛ ትርጉም ሳነብ ያንኑ የሚመስል ሐሳብ በአንድ ጥንታዊ ጠቢብ ስም ሰፍሮ አገኘሁት። ደነገጥሁ። አባቴ ዳዊት ከመድገም በቀር ብዙ መጽሐፍ ያገላበጡ ሰው አልነበሩም። ውርሴ ነው ያልሁት የሰው ገንዘብ መሰለኝ።

መጽሐፉ ራሱ የጥቅስ ስብስብ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ክርስቲያን ሐኪምና ተርጓሚ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ የግሪክ ጠቢባንን አባባሎች በዐረብኛ አሰባስቦ ነበር። ከእንዲህ ያሉ ስብስቦች የፈለቀውን የዐረብኛ ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. ከ1510 እስከ 1522 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ ወደ ግእዝ መለሱት። እነ ሶቅራጥስ፣ እነ አፍላጦን፣ እነ አርስጣጣሊስ በብራና ላይ በግእዝ ይናገሩ ጀመር። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ሰምነር ትርጉማቸውን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ኢትዮጵያውያን ቃል በቃል አይተረጉሙም ይላሉ፤ ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ፣ የራሳቸውን መንፈስ ያሳድሩበታል።

እኔ በባንክ መስኮት የምውል ሰው ነኝ፤ የባለቤቱ ስም ያልተጻፈበት ገንዘብ ዕረፍት ይነሳኛል። ቃል ግን እንደ ብር አይደለም፤ ለሌላው ሲሰጥ ከሰጪው አይጎድልም። አባቴ ያን ቃል ከዐውደ ምሕረት ሰምተውት ይሆናል፤ ከገዛ ኑሯቸው አውጥተውትም ይሆናል። አሁን ልጠይቃቸው አልችልም።

በዚያው ምሽት ስማቸውን ልሰርዝ ደብተሬን ገለጥሁ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደግሞስ ያ ጠቢብ ቢሆን ከማን እንደሰማው ማን ያውቃል? ስለዚህ ስማቸውን ሳልነካ፣ ከጎኑ ጥቂት ቃላት ጨመርሁበት፤ «ከእርሳቸው አፍ የሰማሁት» የሚሉ። ጥቅስ ለሚሰበስብ ሰው እውነተኛው አድራሻ ይህ ይመስለኛል፤ ቃሉን ማን እንደፈጠረው ባናውቅ እንኳ፣ ማን እንዳደረሰልን አንርሳ።