ገዢው በምን ቃል ይፈልገናል?

ትናንት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። የሐበሻ ቀሚስ እየሰፋች ትሸጣለች። «ቲቸር፣ ጎግል ላይ ማስታወቂያ አስነግሬ ብሬ አለቀ፤ አንድም ሰው አልገዛኝም» አለችኝ። የመረጠችው ቃል ምን መሰላችሁ? «ልብስ»!

ነገሩ ታሪክ አለው። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ቢል ግሮስ የተባለ አሜሪካዊ «ጎቱ ዶት ኮም» በተባለው የፍለጋ ድረ ገጹ ቃላትን በጨረታ መሸጥ ጀመረ። ብዙ የከፈለ ከላይ ይወጣል፤ ሒሳቡ የሚቆጠረውም ሰው ማስታወቂያውን ሲጫነው ነው። ጎግል በ2000 አድወርድስን በ350 ደንበኞች ከፈተ። በ2002 ደግሞ ጨረታውን ሲያመጣ አንድ ነገር ጨመረበት፦ ደረጃውን የሚወስነው ብር ብቻ ሳይሆን ሰው ማስታወቂያውን ምን ያህል እንደሚጫነውም ሆነ።

ለትንሽ ነጋዴ ቀዳዳ የከፈተለት ይሄ ነው። «ልብስ»ን ባለ ብዙ ብሩ ይውሰደው። «የሙሽራ ሐበሻ ቀሚስ ቦሌ» ብሎ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ሊገዛ ያሰበ ነው።

የኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። አንዱ «ሐበሻ»፣ ሌላው «ሀበሻ» ይላል፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦ «ቃሉን ከራስሽ አታምጪ። ደንበኞችሽ በስልክና በቴሌግራም ሲጠይቁሽ የሚሉትን እንዳለ ደብተር ላይ ያዢ፤ አጻጻፋቸውንም ጭምር።»

ሱቅ ያላችሁ ልጆቼ፣ እናንተስ ደንበኛ በምን ቃል ነው የሚፈልጋችሁ? እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።