ስለ ሰብሳቢዎችና ስለ ብራና መጻሕፍቶቻችን

ሰው ለዕለት ጉርሱና ለዓመት ልብሱ የሚበቃውን ካገኘ በኋላ የማይበላውንና የማይለብሰውን ነገር መሰብሰብ ይጀምራል። አንዱ የጥንት ገንዘብ፥ ሁለተኛው ቴምብር፥ ሦስተኛው የጦር መሣሪያ፥ አራተኛው መጽሐፍ ያከማቻል። ዳር ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ይህ ድካም የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ስመ ጥር የሆኑት ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክሮች ከምን እንደ ተነሡ ቢመረመር፥ ከብዙዎቹ መሠረት ሥር የአንድ ሰው ሣጥን ይገኛል። ስለዚህ የሰብሳቢዎችን ታሪክ መመርመር ማለት የዕውቀት ዕቃ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ፥ እኛም በዚህ መካከል ምን እንዳገኘንና ምን እንዳጣን መመርመር ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሰብሳቢዎችን ጠባይ ለማወቅ በእንግሊዝ አገር የኖሩትን ሁለት ሰዎች ማነጻጸር ይበቃል። አንደኛው ሐኪሙ ሃንስ ስሎን ነው። ይህ ሰው ከሕክምና ሥራው ካገኘው ገንዘብ ጋር፥ በጃማይካ በባሮች ጕልበት ይለማ ከነበረው የሚስቱ ርስት የሚመጣውን ሀብት እየጨመረ መጻሕፍት፥ የደረቁ ዕፀዋት፥ ገንዘብና ልዩ ልዩ ዕቃ ሲሰበስብ ዕድሜውን ፈጀ። በ1753 ሲሞት 71,000 ያህል ዕቃ ትቶ ነበር። በኑዛዜውም ለልጆቹ 20,000 ፓውንድ ቢከፈል ስብስቡ ለሕዝብ እንዲሆን ፈቀደ። የአገሩ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሐሳቡን ስለ ተቀበለ የብሪታንያ ቤተ መዘክር ተቋቋመ፤ በ1759ም ለተመልካች ተከፈተ።

ሁለተኛው ቶማስ ፊሊፕስ ነው። ፊሊፕስ በዓለም ካለው መጽሐፍ ሁሉ አንዳንድ ቅጂ እንዲኖረው ይመኝ ነበር። 60,000 የሚያህል የእጅ ጽሑፍ ከማከማቸቱ የተነሣ ቤቱ ለቤተ ሰቡ መኖሪያ እስከማይበቃ ድረስ ጠበበ፤ ሀብቱም በዕዳ ተያዘ። በ1872 ሲሞት ታላቂቱ ልጁና ባልዋ ወደ መጻሕፍቱ እንዳይደርሱ በኑዛዜው ከለከለ። ያ ሁሉ ክምችት በአንድ ስፍራ ሳይጸና ከመቶ ዓመት በላይ ቀስ በቀስ እየተሸጠ ተበተነ። ሁለቱም ሰዎች በመሰብሰብ ፍቅር የተያዙ ነበሩ። ልዩነታቸው የታየው የመጀመሪያውን ዕቃ በገዙበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻውን ቃል በተናዘዙበት ቀን ነው።

እንግዲህ ሰውን እንዲሰበስብ የሚያነሣሣው ምንድን ነው? አንዳንዱን የሚገፋው ክብር ነው፤ ሌላው ያልያዘውን ይዞ መታየትን ይወዳል። አንዳንዱን የሚገፋው ዕውቀት ነው፤ አንዱን ከሌላው እያስተያየ ምስጢሩን ለማግኘት ይደክማል። አንዳንዱ ደግሞ ነገሩ እንዳይጠፋበት ይፈራል። ከሁሉ የሚከፋው ሰብሳቢ ነገሩ ከሌላው ሰው እጅ በመጥፋቱ ብቻ የሚደሰተው ነው። ብዙ ጊዜም እነዚህ ምክንያቶች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተደባልቀው ይገኛሉ።

በአገራችን መጽሐፍን የማከማቸትና የመጠበቅ ልማድ ከጥንት የነበረ ነው። ነገሥታትና መኳንንት በብዙ ወጪ ብራና አስዳምጠው፥ ጸሓፊ ቀጥረው ያስጻፏቸውን መጻሕፍት ለገዳማትና ለአድባራት ይሰጡ ነበር። ደብተራውም ከድርጎው ቆጥቦ ያስጻፈውን ዳዊት በማኅደሩ ከትቶ ከራስጌው ይሰቅላል። በብዙዎቹ መጻሕፍት መጨረሻ የባለቤቱ ስም ከተጻፈ በኋላ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝዝ ቃል ይገኛል። ቍልፍ ለሌለው ዕቃ ቤት ቍልፉ ይህ ውግዘት ነበር። ነገር ግን ውግዘቱ የሚያስፈራው ፊደሉን አንብቦ ሥልጣኑን የሚቀበለውን ሰው ብቻ ስለ ሆነ፥ ከባሕር ማዶ ለመጣ ሰብሳቢ አጥር ሊሆንበት አልቻለም።

ከባሕር ማዶ ከመጡት መካከል የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ስሙ የታወቀ ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጋር ከተላመደ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙ የግዕዝ መጻሕፍት ይዞ ሄደ። ከእነዚህም ውስጥ ሦስቱ መጽሐፈ ሔኖክ ነበሩ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፤ ሁለተኛውን ለኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት አበረከተ፤ ሦስተኛውን ለራሱ አስቀረ። የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉው መጽሐፍ ጠፍቷል ብለው ተስፋ ቈርጠው ስለ ነበር ዜናው ታላቅ ግኝት ሆነ። ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ አሳተመው። በእኛ ዘንድ ግን መጽሐፈ ሔኖክ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቈጥሮ ሲነበብ የኖረ እንጂ ጠፍቶ የተገኘ አይደለም። «ተገኘ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የፈላጊውን አለማወቅ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከብሩስ በኋላ የመጣው አንቷን ዳባዲ ደግሞ የሌላ ዐይነት ሰብሳቢ ምሳሌ ነው። ይህ ሊቅ ከ1838 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ እየተዘዋወረ ቋንቋ አጠና፤ የምድሩን አቀማመጥ ለካ። መጻሕፍትንም ከመግዛቱ ሌላ ባለቤቱ ሊለቀው ያልፈቀደውን በጸሓፊ አስገለበጠ። በ1859 በፓሪስ ያሳተመው ዝርዝር 234 መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ምን እንደሚይዙ ይናገራል። ከሞተም በኋላ ስብስቡ ወደ ፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገባ። እርግጥ ነው፥ መጻሕፍቱ ከአገራቸው ርቀው ቀርተዋል። ነገር ግን የት እንዳሉና ምን እንደያዙ የታወቀ ስለ ሆነ ተማሪ ሊጠይቃቸው ይችላል። ዝርዝር የሌለው ስብስብ ግን መብራት እንደሌለው ዕቃ ቤት ነው።

ስለ ሰብሳቢነት ሲነገር የዐፄ ቴዎድሮስን ስም መዝለል አይገባም። ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ለማቆም ስላሰቡ፥ መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን ከልዩ ልዩ አድባራት፥ ይልቁንም ከጎንደር፥ አሰባሰቡ። የመጻሕፍቱም ቍጥር ወደ ሺህ ይጠጋ እንደ ነበር ይነገራል። ዓላማው ታላቅ ቢሆንም መጻሕፍቱ የተወሰዱባቸው የጎንደር ካህናት ሐዘናቸው ቀላል አልነበረም። ታሪክን በእውነት የሚጽፍ ሰው የባዕዱን ወረራ ሲወቅስ ይህንንም መሸፈን የለበትም። ብዙ ሀብት በአንድ አምባ ላይ መከማቸቱም አምባው በወደቀ ቀን ሁሉም አብሮ እንዲወድቅ አደረገው።

ያ ቀን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነበር። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ወታደሩ ያገኘውን ሁሉ ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ከተወሰደ በኋላ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከገዢዎቹ ዋናው የብሪታንያ ቤተ መዘክር መልእክተኛ ሆኖ ከጦሩ ጋር የዘመተው ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በዚህ መንገድ ለንደን ገቡ፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ በመልስ ጕዞ ጨለቆት ላለው ቤተ ክርስቲያን ተሰጥተው በአገር ቀሩ።

ሆምስ የመንግሥት መልእክተኛ ቢሆንም የግል ሰብሳቢነት ልብ አልራቀውም። ነገሥታቶቻችን ወደ ጦርነት ሲዘምቱ ያስከትሉት የነበረውን «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል ለራሱ አስቀረው። ይህ ሥዕል በ1744 በስናር ዘመቻ ተማርኮ በቤዛ የተመለሰና ሕዝቡ እጅግ የሚያከብረው ነበር። ሆምስ በኋላ በዊንድሶር ቤተ መንግሥት የመጻሕፍት ቤት ሹም ሲሆን ሥዕሉ ከቤቱ ተቀመጠ፤ እርሱ ከሞተ በኋላም በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ኵርዓተ ርእሱና ክብረ ነገሥት እንዲመለሱላቸው በ1872 ለእንግሊዝ መንግሥት ጽፈው ነበር። ቤተ መዘክሩ መዝገቡን ተመልክቶ አንድ ክብረ ነገሥት መለሰ። ሥዕሉን ግን በመዝገብ ስላላገኘው ሊመልስ አልቻለም፤ በግለሰብ ቤት ተሸሽጎ ነበርና። በሕዝብ ቤት የገባ ዕቃ ጠያቂ ሲመጣ መልስ ይሰጥበታል፤ በግል ሣጥን የገባ ግን መኖሩም አይታወቅም።

ሆኖም የግል ሰብሳቢ ሁሉ ልቡ የደነደነ ነው ማለት አይደለም። ሌዲ ሚዩክስ የምትባል ባለጸጋ እንግሊዛዊት ከመቅደላ የተወሰዱ ውብ ሥዕል ያላቸው የግዕዝ መጻሕፍት ነበሯት። የቅዱሳንን ገድልና ተአምረ ማርያምን የያዙትን እነዚህን መጻሕፍት ዎሊስ በጅ እየተረጐመ በወጪዋ አሳትሞላታል። በ1910 ስትሞት መጻሕፍቱ ለዐፄ ምኒልክ እንዲሰጡ መናዘዝዋ ታወቀ። ከመቅደላ የወጣውን ሀብት በገዛ ፈቃድዋ ልትመልስ ያሰበች ሴት ተገኘች ማለት ነው። ነገር ግን ኑዛዜዋ ሳይፈጸም ቀረ፤ መጻሕፍቱም ተሸጠው አሜሪካዊው የጋዜጣ ባለጸጋ ዊልያም ራንዶልፍ ሐርስት እጅ ገቡ። ደግ ሐሳብ ብቻውን እንደማይበቃ፥ የሚፈጽመው ሕግና የሚከታተለው ሰው እንደሚያስፈልገው ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ሰብሳቢነት በሳይንስ ስም የመጣበትም ጊዜ አለ። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የምርምር ጓድ ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን አቋርጦ ሲያልፍ በ1932 ጎንደር ሰነበተ። በዚያም የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች እየተነሡ በምትካቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ። የጓዱ ጸሓፊ ሚሼል ሌሪስ የዕለት መዝገቡን በ1934 ሲያሳትም፥ በምዕራብ አፍሪካ የተቀደሱ ዕቃዎች እንዴት በማስፈራራት እንደ ተወሰዱ ሳይሸሽግ ጽፏል።

የእኛም ሊቃውንት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ ያለንን ሳንቈጥር የጠፋንን ማወቅ እንደማንችል ስለ ተረዱ ነው። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም መጻሕፍቱንና ቅርሱን ለተማሪ በሚደርስበት ቦታ ማከማቸት ጀመረ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ነው። ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተው ፊልማቸው በአሜሪካ በሚኔሶታ ተቀመጠ፤ መጻሕፍቱ ግን ወደየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። በ2021 ያረፉት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዘመን ደክመው የእነዚህን ዝርዝር አዘጋጅተዋል። ባለቤቱን ሳይነጥቁ መሰብሰብ እንደሚቻል በዚህ ተረጋገጠ።

በዚያው በ2021 በእንግሊዝ አገር በጨረታ ሊሸጡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ከሽያጩ እንዲወጡ ተደርጎ ለኢትዮጵያ ተመልሰዋል። ከ150 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም በግል ቤት የተቀመጠ ቅርስ ብቅ ሊል እንደሚችል ይህ ምስክር ነው። ስለዚህ የሚጠይቅ ሕዝብ፥ የሚጠይቀውንም ነገር በስሙ የሚያውቅ ትውልድ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ጣታችንን ወደ ባሕር ማዶ ብቻ መቀሰር አይበቃም። ስንት የአያት ደብዳቤ፥ ስንት የድሮ ፎቶግራፍ፥ ስንት የብራና መጽሐፍ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ አይጥና እርጥበት ይበላዋል! ስንቱስ ለጎብኚ በጥቂት ብር ይሸጣል! አንባቢ ሆይ፥ አንተም በቤትህ የቆየ ነገር ካለ ሰብሳቢ ነህ። ዕቃህን ስጥ የሚልህ የለም፤ ግን ምን እንደሆነ፥ ከማን እንዳገኘኸው፥ ከአንተም በኋላ ለማን እንደሚገባ በአንድ ወረቀት ጽፈህ አስቀምጥ። መምህርም ለተማሪዎቹ፥ ሹምም ለሠራተኞቹ ይህንኑ ቢያስተምር፥ ያለንን በየቤቱ መቍጠር በጀመርን ነበር።