የ20 ኪሎ ሜትሩ መንገድ

«እኛ ራሳችን ያልተማርን፣ ልጃችንን በሒሳብና በሳይንስ ምን ልንረዳው እንችላለን?» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ታሪክ መልስ አለው።

ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ1950 ወሎንኮሚ ውስጥ ተወለዱ። ያደጉት ወለሉ ጭቃ በሆነ ባለ አንድ ክፍል የሣር ጎጆ ነው። እናታቸው በትምህርት አጥብቀው ያምኑ ስለነበር፣ ልጃቸው በአጎራባች ከተማ እንዲማር አመቻቹ። ብላቴናው እሁድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይጓዛል፤ ሳምንቱን ተምሮ ዓርብ ይመለሳል። እንዲህ እያለ 8ኛ ክፍል ጨርሶ ብሔራዊ ፈተናውን አለፈ።

በገጠር ቤት የወንድ ልጅ ጉልበት ሀብት ነው። ከብት ይጠብቃል፣ እርሻ ያግዛል። ያንን ጉልበት ለሳምንት መልቀቅ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ከዚያ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ዓለማያ ኮሌጅ ገቡ፤ በ1973 በእፅዋት ሳይንስ ተመረቁ። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ድርቅን የሚቋቋም ድቃይ ማሽላ ለሱዳን ገበሬ አደረሱ፤ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችንም አወጡ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

እናትየው የዘር ማዳቀልን ሳይንስ አላስተማሯቸውም። መንገዱን ግን ከፈቱላቸው፤ ያውም ልጅ «ትምህርት ለእኔ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ በሚወስንበት ዕድሜ።

የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ለልጅዎ ሲከብደው መልሱን ላያውቁት ይችላሉ። ደብተሩን ይዞ የሚቀመጥበትን ሰዓት ከውኃ መቅዳቱና ከሱቅ ጥበቃው ማትረፍ ግን በእጅዎ ነው።