ለብጉር የሚቀባው ቅጠል ምን ምስክር አለው?

ከ2023ቱ ጦርነት በፊት በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ፣ ሱቅ ሲታ ወርዶ ቅመም የሚገዛ ኢትዮጵያዊ የሀገሩን ጥቁር አዝሙድ «ከሙን አስወድ» በሚል ስም ያገኘው ነበር። ጥቁር አዝሙድ፣ ሬትና ማር በሁለቱም ሀገሮች ከወጥ ቤት ባሻገር የቆዳ መድኃኒትም ናቸው።

የፖላንዱ ተመራማሪ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 ዋርሶ ላይ ያሳተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ የኢትዮጵያ ሊቃውንት የዕፀዋቱን ስምና አቀማመም በግዕዝና በአማርኛ ጽፈው አቆይተዋል። ይሁንና የተጻፈው አሠራሩ ነው፤ ስንቱ ተቀብቶ እንደ ዳነ፣ ስንቱስ ሳይቀባ እንደ ተሻለው አልተቆጠረም። ብጉር ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚከስም ነውና፣ ምስጋናውን መጨረሻ ላይ የተቀባው ቅጠል ይወስደዋል።

ቆጠራው የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት፣ 124 ሕሙማን ተከፍለው ከፊሎቹ 5 በመቶ የቲ ትሪ ቅጠል ዘይት፣ ከፊሎቹ 5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ተቀቡ። ሁለቱም ብጉሩን ቀነሱ፤ ዘይቱ ቢዘገይም ቆዳን የማስቆጣቱ ነገር ያነሰ ነበር። ማር ግን ፈተናውን አላለፈም። በኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 በ136 ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ፣ ማር የተጨመረበት ሕክምና በጀርም ገዳይ ሳሙና ብቻ ከመታጠብ እንደሚበልጥ አላሳየም። በኢራን እ.ኤ.አ. በ2014 ሬት የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ ነገር ግን ከትሬቲኖይን መድኃኒት ጋር ተደርቦ እንጂ ብቻውን አይደለም። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ፦ የተፈተነው የቅጠሉ ውስጠኛ ዝልግልግ ነው፤ ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚንጠባጠበው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። ጥቁር አዝሙድም ቢሆን በትንንሽ ጥናቶች ተስፋ ከማሳየት አላለፈም።

ከዕፀዋቱ ይልቅ የሚያሰጋው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው፣ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት የማቅያ ቅባት ነው። መጀመሪያ ቅላቱን ያጠፋና ፊትን ያለሰልሳል፤ በወራት ውስጥ ግን ቆዳውን አሳስቶ ራሱ ብጉር ያወጣል፣ ሲያቆሙትም ይብሳል። ከቤት ውስጡ ደግሞ ሎሚ ይከፋል፤ ጭማቂው በተቀባ ፊት ላይ እንደ ካርቱም ያለ ፀሐይ ሲያርፍ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ጥቁር ጠባሳውም ከብጉሩ በላይ ይቆያል።